ሁለት ጥቁር ኮቶች፣ አንድ ፊልተር፦ ኤንዲ ፊልተር ለምትመርጡ

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አንዱ ሙሽራው ነው፣ ሌላው ሚዜው። ቀርጬ ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ትልቁ ስክሪን ላይ ስከፍተው የሚዜው ኮት እንደነበረው ጥቁር ነው፤ የሙሽራው ግን እንደ ዛገ ብረት ቀይ ቡኒ ሆኗል። ፊታቸው ደህና ነው። ሸሚዛቸው ነጭ ነው። የተለወጠው ኮቱ ብቻ ነው። ቀለሙን ለማስተካከል ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩ። ቀዩን ስቀንስ የሙሽራው ፊት አመድ ይመስላል፤ ፊቱን ስመልስ ኮቱ ተመልሶ ይዝጋል። ሙሽራው ሥራውን ሲያይ አልተቆጣኝም፤ «ወንድሜ፣ ኮቴ እኮ ጥቁር ነበር» ብቻ አለኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፣ የሌንሱም አልነበረም። ከሌንሱ ፊት የጠመዘዝኩት ኤንዲ ፊልተር ነው ያን ያደረገው። ስገዛው ያየሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ሌንሴ ላይ መግጠሙንና ዋጋው መቅለሉን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልተር በእጄ አልፏል፤ አንዳንዱን ገዝቼ፣ አንዳንዱን ከጓደኞቼ ተውሼ ሞክሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች እኔ የዞርኩትን ዙሪያ ጥምጥም እንዳትዞሩ ብዬ ነው።

ኤንዲ ፊልተርን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ለሌንስ የሚደረግ ጥቁር መነጽር ነው። ወደ ሴንሰሩ፣ ምስሉን ወደሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል፤ ቀለሙን ሳይነካ፣ ሁሉንም እኩል። ቢያንስ እንደዚያ ሊሆን ይገባል። «ፀሐይ ከበዛ ሹተሩን ማፍጠን ወይም አፐርቸሩን ማጥበብ አይበቃም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሹተር ማለት ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ነው፤ አፐርቸር ደግሞ የሌንሱ ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ የሚጠበው። ለተራ ፎቶ ይበቃል። ቪዲዮ ላይ ግን ሹተሩ እንደ ልብ አይነካም፤ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ሰው ሹተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ ማቆም ይፈልጋል፣ እንቅስቃሴ ለዓይን የሚለሰልሰው እዚያ አካባቢ ነውና። በ1/2000 የተቀረጸ ሰው ሲራመድ እየተቆራረጠ ነው የሚታየው። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብም የራሱ ዕዳ አለው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ ይደበዝዛል፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራም ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳና ዛፍ ሁሉ ጥርት ብሎ ሰውየውን ይውጠዋል።

«የትኛውን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ስንት ስቶፕ ብርሃን ነው የሚተርፍህ?» ይህን ሳያውቁ ፊልተር መግዛት የእግርን ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው። የሚተርፋችሁን ለማወቅ ምንም ወጪ የለውም። ዘወትር በምትሠሩበት ሰዓትና ቦታ ካሜራችሁን ያለ ፊልተር ያዙ። የምትፈልጉትን አፐርቸርና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) አድርጉና ካሜራው የሚጠይቃችሁን ሹተር አንብቡ። ከዚያ ቁጥር ተነስታችሁ የምትፈልጉት ሹተር ላይ እስክትደርሱ በግማሽ በግማሽ እየቀነሳችሁ ቁጠሩ። የቆጠራችሁት ያህል ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በደንብ ስትወጣ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16፣ ሹተሩ 1/100 አካባቢ ይሆናል። የፊልም ዘመን ሰዎች ብርሃን መለኪያ ሳይዙ ይሠሩ የነበረው በዚህች ስሌት ነው። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 2.8 ስትከፍቱት 5 ስቶፕ ጨመራችሁ፤ ሹተሩ 1/3200 ደረሰ። ከዚያ ወደ 1/50 ለመውረድ 1600፣ 800፣ 400፣ 200፣ 100፣ 50፤ ስድስት ጊዜ ቆጠራችሁ። የ6 ስቶፕ ፊልተር ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። በሎግ፣ ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዝዞ በሚቀረጽበት አሠራር፣ የምትቀርጹና ካሜራችሁ በሎግ ከአይኤስኦ 800 በታች አልወርድም የሚል ከሆነ 3 ስቶፕ ጨምሩበት፣ 9 ይሆናል። ደመና ሲሆን ግን 3 ወይም 4 ይበቃል። እኔ ይህን ቆጠራ የቆጠርኩት የ3 ስቶፕ ፊልተር ገዝቼ ፀሐይ ላይ አልበቃ ካለኝ በኋላ ነው። እናንተ አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁ የስሙ አጻጻፍ ነው። አንዱን ፊልተር ሦስት ዓይነት ቁጥር ይጽፉበታል። የ6 ስቶፑን አንዱ አምራች «ኤንዲ 64» ይለዋል፣ ብርሃኑን ወደ 1/64 ስለሚያወርደው። ሌላው «1.8» ብሎ ይጽፍበታል፤ በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ስቶፕ 0.3 ተብሎ ይቆጠራል። ሦስተኛው በቀጥታ «6 ስቶፕ» ይላል። በዚሁ መሠረት 3 ስቶፕ ማለት ኤንዲ 8 ወይም 0.9 ነው፤ 10 ስቶፕ ደግሞ ኤንዲ 1000 ወይም 3.0። አንድ ጓደኛዬ «ኤንዲ 8» ብሎ ሲያዝዝ 8 ስቶፕ መስሎት ነበር፤ የመጣለት የ3 ስቶፕ ነው። ማዘዝ የነበረበት ኤንዲ 256 ነበር። ቢ ፕላስ ደብልዩ የተባለው የጀርመን ስም ደግሞ ለ6 እና ለ10 ስቶፕ ፊልተሮቹ 106 እና 110 የሚል የራሱ መለያ አለው፤ 110 ስላለ ኤንዲ 110 እንዳይመስላችሁ። እኔ የያዝኳቸውን ሁሉ ወደ ስቶፕ ቀይሬ በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፌ መያዣቸው ላይ ለጥፌያለሁ። ሥራ ላይ ሆኖ ማስላት አይመችም።

የመጀመሪያው ፊልተሬ፣ ኮቱን ያዛገው ያው ፊልተር፣ ቫሪያብል ኤንዲ የሚባለው ነበር፤ የፊቱን ቀለበት ስታዞሩት እየጠቆረ እየነጣ የሚሄደው። አንድ ገዝቶ የሁሉን ሥራ ማሠራት ለማንም ያጓጓል። ብቻዬን እየሮጥኩ ለምቀርጸው ሥራ አሁንም የምጠቀመው እሱን ዓይነት ነው፤ ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር ፊልተር ፈትቶ ማሰር አይቻልምና። ነገር ግን ውስጡ ያለውን ሳያውቁ መግዛት የለባችሁም። ውስጡ ያሉት ሁለት ፖላራይዘሮች፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ መስታወቶች ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ፊት። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ወደ መስቀለኛ ሲሄዱ ይከለክላሉ። ችግሩ አቀናነሱ እኩል አለመሆኑ ነው። ከ80 ዲግሪ ወደ 85 ስታዞሩት፣ ያቺ በዓይን የማትታይ የጣት ንቅናቄ፣ ብርሃኑን ወደ ሩብ ታወርደዋለች፤ ሁለት ሙሉ ስቶፕ። ስለዚህ ቀለበቱ መጨረሻ አካባቢ ያሉትን ምልክቶች አትመኑ።

እዚያው መጨረሻው አካባቢ ሌላ ነገር ይመጣል። በሰፊ ሌንስ፣ በ24 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በሚሰፋ፣ ቀለበቱን አብዝታችሁ ስታዞሩት ምስሉ ላይ ትልቅ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይወድቃል። ከጫፍ የሚመጣው ብርሃን ፖላራይዘሮቹን የሚያልፈው አግድም ስለሆነ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ይበልጥ ይጠቁራል። ይህ በኋላ የሚታረም አይደለም። የኔው ላይ «ከ2 እስከ 400» የሚል ተጽፎበት ነበር፣ ከ1 እስከ 8 ተኩል ስቶፕ ገደማ መሆኑ ነው፤ በሰፊ ሌንስ ከ5 ስቶፕ በላይ ስወስደው ግን መስቀሉ ብቅ ይል ነበር። ስለዚህ ሰፊ ክልል የሚያቅፍ ቫሪያብል ኤንዲ ስታዩ አትደሰቱ። ከ2 እስከ 5 ስቶፕ ብቻ የሚል፣ ከዚያ አልፎ እንዳይዞር ማገጃ ያለው፣ ጠባብ ክልል ያለው ይሻላል። ለጠንካራ ፀሐይ ከ6 እስከ 9 የሚል ለብቻው ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምርበት። ፖላራይዘር ስለሆነ ነጸብራቅንም ይነካል። ፊት ላይ ያለው ወዝ ቀለበቱን ስታዞሩ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰማዩ በአንድ ወገን ጠቁሮ በሌላው ይነጣል። ቃለ መጠይቅ እየቀረጽኩ በመሀል ደመና ገብቶ ቀለበቱን ባዞርኩ ጊዜ የእንግዳዬ ግንባር ከወዛም ወደ ደረቅ ሲለወጥ በቪዲዮው ላይ በግልጽ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ተቀምጦ ለሚናገርበት ሥራ ቫሪያብሉን አልነካም። ያልተለዋዋጩን፣ ቋሚውን አስሬ ትንሹን ለውጥ በአይኤስኦ አስተካክላለሁ።

ወደ ኮቱ ልመለስ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር የኛ ዓይን የማያየውን፣ ከቀይ በታች ያለውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ያያል። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ሴንሰሩ ፊት ማገጃ ያስቀምጣሉ፤ ማገጃው ግን ሁሉንም አይዘጋም፣ ጥቂት ያሾልካል። በአዘቦት ቀን ያ የሾለከው ከሚታየው ብርሃን አንጻር ኢምንት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ኤንዲ ስታስሩ ግን የሚታየውን ብርሃን 64 ጊዜ፣ ወይም 1000 ጊዜ ቀነሳችሁት። ፊልተሩ ኢንፍራሬዱን የማይዘጋ ከሆነ እሱ እንደነበረው ይገባል። ያ ኢምንት የነበረው አሁን ድርሻው ገዘፈ ማለት ነው። ርካሽ ቫሪያብል ኤንዲም ከዚህ አያመልጥም፤ ፖላራይዘሮቹ የሚታየውን ብርሃን ሲያግዱ ኢንፍራሬዱን በብዛት ያሳልፉታል።

ለምን የአንዱ ኮት ብቻ ተለወጠ? ጥቁር ጨርቅ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም። አንዳንዱ፣ በተለይ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት፣ የሚታየውን ብርሃን ውጦ ኢንፍራሬዱን መልሶ ይተፋል። ሴንሰሩ ያንን እንደ ቀይ ይቆጥረዋል። የሚዜው ኮት ሁለቱንም የሚውጥ ነበር፣ የሙሽራው ግን አልነበረም። በአንድ ፍሬም ውስጥ፣ በአንድ ብርሃን ሥር፣ በአንድ ፊልተር ሁለት ዓይነት ጥቁር የወጣው ለዚህ ነው። ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ያልቻልኩትም ለዚሁ ነው፤ ቀዩ ፍሬሙ ላይ ሁሉ እኩል ቢሰራጭ ኖሮ አንድ ላይ መቀነስ ይቻል ነበር።

ስለዚህ የፊልተር ቀለም ጥፋት ሁለት ዓይነት መሆኑን ለዩ። አንዱ ፍሬሙን በሙሉ ትንሽ ሰማያዊ ወይም ትንሽ ቢጫ የሚያለብስ ነው። ይህ ያሳስብ ይሆናል እንጂ ገዳይ አይደለም፤ ፊልተሩን አስራችሁ ነጭ ወረቀት አሳይታችሁ ኋይት ባላንሱን፣ ካሜራው ነጭን የሚለይበትን ማስተካከያ፣ ብታስተካክሉ፣ ወይም በራው፣ ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ አንስታችሁ በኋላ ብታርሙት ይሄዳል። ባለ 10 ስቶፖች ላይ ትንሽ የቀለም ዝንባሌ ማየት የተለመደ ነው። ሁለተኛው ጨርቁንና ቅጠሉን መርጦ የሚለውጠው የኢንፍራሬድ ጥፋት ነው፣ እሱ አይታረምም። ከ6 ስቶፕ ጀምሮ የምትገዙ ከሆነ ፊልተሩ ኢንፍራሬድንም የሚቀንስ መሆኑ እንዲጻፍበት ፈልጉ፤ «አይአር ኤንዲ» ወይም ሙሉውን የብርሃን ክልል የሚቀንስ ተብሎ ይጻፋል። በ2ና በ3 ስቶፕ ብዙም አያሰጋም።

ስለ መጠን አጭር ነው የምለው። ከሌንሱ ፊት ወይም ክዳኑ ጀርባ ላይ በሰያፍ መስመር ከተሰረዘች ክብ ምልክት ጎን ያለው ቁጥር ፊልተር የሚጠመዘዝበት ጥርስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 52፣ 58፣ 67፣ 77፣ 82 እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ሌንስ ፊልተር አትግዙ። ካላችሁት ሌንስ ሁሉ ትልቁን ያዙና ለእሱ ግዙ፤ ለትናንሾቹ ማስፊያ ቀለበት፣ ስቴፕ አፕ የሚሉትን፣ ጨምሩ። ሌንሶቻችሁ 52፣ 67 እና 77 ከሆኑ አንድ ባለ 77 ጥሩ ፊልተርና ሁለት ቀለበት ይበቃል። ወደፊት ትልቅ ሰፊ ሌንስ የማሰብ ነገር ካለ ከወዲሁ 82 ብትሉ አትቆጩም። ማጥበቢያ ቀለበት ግን አይሆንም፤ ትንሽ ፊልተር በትልቅ ሌንስ ላይ ማዕዘኖቹን ያጠቁራል። የቀለበት አንድ ጉዳቱ የሌንሱ የፀሐይ መከላከያ ከዚያ በኋላ አይገጥምም፤ እኔ በጥቁር ካርቶን ወይም በእጄ እጋርዳለሁ። ቀለበት ስትገዙ ከነሐስ የተሠራውን ብታገኙ ከአሉሚኒየሙ ይልቅ መጣበቁ ይቀንሳል።

ለፎቶ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የሚፈስ ውሃን እንደ ጥጥ የሚያደርገው ረጅም ኤክስፖዠር፣ ሹተሩን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ማንሳት፣ ነው ብዙውን ሰው ወደ ኤንዲ የሚያመጣው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወደ 10 ስቶፕ ይሮጣል። እኔ ለፏፏቴና ለወንዝ 6 ስቶፑን እመርጣለሁ። ፀሐይ ላይ በኤፍ 11 ሹተሩ 1/200 ከሆነ፣ 6 ስቶፕ ወደ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያወርደዋል፤ ውሃው ክር ክር ይሆናል፣ ድንጋዩን ሲመታ የሚሄድበት ይታወቃል። 10 ስቶፕ ደግሞ 5 ሰከንድ ያደርሰዋል፤ ያኔ ውሃው ወተት ይሆናል፣ ጉልበቱ ሁሉ ይጠፋል። ጠዋት ጥላ ውስጥ 1/15 የነበረ ከሆነ ያው 6 ስቶፕ 4 ሰከንድ ይሰጣችኋል፣ ከበቂ በላይ ነው። 10 ስቶፕ የሚያምረው ለሐይቅና ለባሕር፣ ለሚሄድ ደመና፣ ሰው ለሚመላለስበት አደባባይ ነው። ከፎቶግራፍ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን መንገድ ሲያነሳ ምስሉ የሚያርፍበት የብረት ሳህን ብርሃን የሚቀበለው በጣም በዝግታ ስለነበር በጎዳናው የሚመላለሰው ሰውና ሠረገላ ሁሉ ጠፋ፤ ጫማውን ለማስጠረግ ቆሞ የነበረ አንድ ሰውና ጠራጊው ብቻ ቀሩ። የ10 ስቶፕ ፊልተር ያንን ዝግታ በቀትር ይመልስላችኋል።

አሠራሩ ላይ ደጋግሜ የተሳሳትኩባቸውን ልንገራችሁ። ባለ 10 ስቶፕ ካሰራችሁ በኋላ ካሜራው ፎከስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። መጀመሪያ ያለ ፊልተር ፎከስ አድርጉ፣ ወደ ማንዋል ቀይሩት፣ ከዚያ የፎከሱን ቀለበት ሳትነኩ ፊልተሩን ጠምዝዙ። ሹተሩንም ያኔውኑ ያለ ፊልተር አንብባችሁ በ1000 አባዙት፤ 1/30 ከሆነ 33 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከ30 ሰከንድ ሲያልፍ በብዙ ካሜራ «በልብ» (Bulb) ወደሚባለው፣ ሹተሩ እስክትዘጉት ክፍት ወደሚቆይበት አሠራር መሄድና ሹተሩን ከርቀት በሚቆልፍ መቆጣጠሪያ መያዝ ግድ ይላል። ካሜራችሁ ውስጡ የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው (ዲኤስኤልአር) ከሆነ ከኋላ ያለውን የዓይን ማያ ሸፍኑት፤ በዚያ የገባ ብርሃን ሁለት ሙሉ ቀን የለፋሁበትን ሥራ መሀሉ ላይ ሐምራዊ ጉም አልብሶብኛል። ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻው፣ ምስሉ ላይ የሚወጣውን ሽፍታ የሚያጠፋው፣ በርቶ ከሆነ ደግሞ ካሜራው የቆየውን ያህል ተጨማሪ ስለሚቆይ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታጠፉት።

አራት ማዕዘን የሆኑትን፣ በመያዣ የሚገቡትን ባለ 100 ሚሊ ሜትር ፊልተሮች ለገጽታ ፎቶ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ብሩህ የሆነውን ግራጁዌትድ ከፍ ዝቅ አድርጎ ከአድማሱ ጋር ማስተካከል የሚቻለው በእነሱ ነውና እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ተሸክሜ ብዙ ስለምሄድ በእጄ አልበረከቱም። ለእነሱ የምትሄዱ ከሆነ በፊልተሩና በመያዣው መካከል ብርሃን የሚዘጋ ስፖንጅ ያለውን ግዙ። የሬዚኑ (የፕላስቲኩ) ዓይነት ቶሎ ይጫጫራል፣ የመስታወቱ ከወደቀ ይሰበራል።

በፍላሽ ውጭ ለምታነሱም ኤንዲ ይጠቅማል። ብዙ ካሜራ ከፍላሽ ጋር ከ1/200 አካባቢ በላይ አይሄድም። ከላይ ባየነው ፀሐይ በኤፍ 2.8 የሚያስፈልገው 1/3200 ስለሆነ የ4 ስቶፕ ፊልተር ልክ ወደ 1/200 ያመጣዋል። ፊልተሩ የፍላሹንም ብርሃን እንደሚቀንስ ግን አትርሱ፤ ፍላሹን ወደ ሰውየው አስጠጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ያለ ማጋነን ነው የምለው። ኤንዲ ፊልተር ፊት ላይ ስላለ በመስታወታማ ካሜራ የዓይን ማያ በኩል ፀሐይን አትመልከቱ። 10 ስቶፕ ቢሆንም፣ ሁለት ቢደራረብም። ብርሃኑ ለዓይን የሚመች ይመስላል፤ ኮቱን ያዛገው ያው የማይታየው ኢንፍራሬድ ግን እያለፈ የዓይናችሁን ሬቲና ያቃጥላል፣ ሲያቃጥልም አያምም። ግርዶሽ ለማንሳት የተለየ የፀሐይ ፊልተር አለ፣ ሌላ ዕቃ ነው።

ፊልተር ሌንስ ላይ ተጣብቆ እምቢ ሲላችሁ ጨምቃችሁ አትያዙት፤ ስትጨምቁት ቀለበቱ ሞላላ እየሆነ ይበልጥ ይነክሳል። ሰፊ የጎማ ላስቲክ ዙሪያውን አድርጉና በመዳፋችሁ በእኩል፣ በቀስታ አዙሩት። ስታስሩትም መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ አዙራችሁ ጥርሱ ቁጭ ሲል ከተሰማችሁ በኋላ ወደ ቀኝ ጠምዝዙ።

አሁን አዲስ ፊልተር ሲመጣልኝ ሳልፈትን ሥራ ላይ አላወጣውም። መጀመሪያ የክፍሉን መብራት በአግድም እያሳየሁ ነጸብራቁን አያለሁ። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ፊቱ 4 ከመቶ የሚሆነውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ የአምፖሉ ምስል ነጭና ደማቅ ሆኖ ይታያል፤ ጥሩ ሽፋን ያለው ላይ ግን ደብዘዝ ብሎ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው። ከዚያ ኋይት ባላንሱን አንድ ቁጥር ላይ አቁሜ፣ አውቶ ሳይሆን፣ መስኮት አጠገብ ያለ ነጭ ወረቀት በፊልተርና ያለ ፊልተር አነሳለሁ። ሂስቶግራሙ፣ የምስሉን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ፣ እኩል እስኪሆን ሹተሩን አወርዳለሁ፤ ስንት ስቶፕ እንደወረድኩ ስቆጥር እውነተኛው ጥንካሬው ይወጣል። 10 የተባለው 9 ከግማሽ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቀጥዬ ያለኝን ረጅሙን ሌንስ አስሬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጋዜጣ ገጽ አነሳለሁ፤ በሰፊ ሌንስ የማይታወቅ የመስታወት ጥራት ጉድለት በ200 ሚሊ ሜትር ፊደሎቹን አደብዝዞ ራሱን ያጋልጣል። ርካሽ ቫሪያብል ኤንዲዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ቫሪያብል ከሆነ ደግሞ በሰፊ ሌንስ ባዶ ግድግዳ ላይ አነጣጥሬ ቀለበቱን እያዞርኩ መስቀሉ የሚመጣበትን ቦታ በነጭ ቀለም ነጥብ አደርግበታለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

የመጨረሻው የጨርቅ ፈተና ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ገመድ ላይ የተለያዩ ጥቁር ልብሶች ይሰቀላሉ፦ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ናይለን፣ የጃንጥላ ጨርቅ፣ የካሜራ ቦርሳ ማንገቻ። ያለ ፊልተር አንድ፣ በፊልተር አንድ። በፊልተሩ ላይ አንዱ ቀይ ቡኒ ከሆነ ፊልተሩን እመልሰዋለሁ። የክፍል ውስጥ ኤልኢዲ መብራት ለዚህ አይሆንም፣ ኢንፍራሬድ እምብዛም የለውምና ሁሉም ደህና ይመስላል።

አሁን የምይዘውን አይአር ኤንዲ 6 ስቶፕ የፈተንኩት በሙሽራው ኮት ነው። ደውዬ ስለምነው «ለምንህ ነው ደግሞ?» አለኝ፤ ስነግረው ራሱ ይዞት መጣ። ገመዱ ላይ ሰቀልነው፣ ቀትር ላይ ነበር። ያለ ፊልተር፣ በድሮው ፊልተርና በአዲሱ ሦስት ጊዜ አነሳሁና ሦስቱን ጎን ለጎን ስክሪን ላይ አሳየሁት። መሀለኛው እንደዚያን ቀን ዝጓል። ሦስተኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ፋይሉን እንድልክለት ጠየቀኝ፣ ላክሁለት።